ጎድሎ ያመለጠን ወባ

«ዝግመተ ለውጥ ማለት ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ማደግ ነው» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። ቃሉን ራሱን እዩት እንጂ! ዝግመት አለ፣ ለውጥ አለ፤ እድገት የሚል የት አለበት? ጎንበስ ካለ ዝንጀሮ እስከ ቀጥ ያለ ሰው እንደ መሰላል የተደረደረው ያ ሥዕል ስንቱን ተማሪ አሳሳተ!

ለውጥ እድገት አለመሆኑን ያየሁት በምኖርበት በመተማ ዮሐንስ ነው። በጥቅምት፣ የሰሊጥ አጨዳው ሲጦፍ፣ ከደጋ ለሥራ የወረደ ጎረምሳ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ አግኝቼ ደግፌ ለምርመራ ወሰድኩት። ጣቱ ተወጋ፣ ደሙ የወባ መመርመሪያዋ ላይ ጠብ አለ፣ ጠበቅን። አንድ መስመር ብቻ ወጣ። «ወባ የለበትም፤ ታይፎይድ ይሆናል» አለችን ባለሙያዋ። «እህቴ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ እኮ ነው» ብል ማን ሰምቶኝ! በሦስተኛው ቀን ሌላ ቦታ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደሙን ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተሕዋስ ሞልቶት ነበር።

መመርመሪያዋ ፋልሲፓረምን የምትለየው ኤችአርፒ2 የሚባለውን ፕሮቲኑን አነፍንፋ ነው። አንዳንዱ ተሕዋስ ግን ፕሮቲኑን የሚሠራው ጂን ከነጭራሹ የለውም። ጂኑ ያለው ይታወቃል፣ መድኃኒት ይወርድበታል፣ ያልቃል። የጎደለው «የለም» ተብሎ ይታለፋል፤ ትንኟም ከታማሚው ወደ ጎረቤቱ ታሻግረዋለች። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ ላይ የወጣ ጥናት ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በምንዋሰንባቸው ድንበሮች አካባቢ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምሮ፣ ከፋልሲፓረም ታማሚዎች 9.7 በመቶ ያህሉ በዚህ ጉድለት የተነሣ በመመርመሪያው እንደሚታለፉ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት «መመርመሪያው ይቀየር» የሚለው 5 በመቶ ሲያልፍ ነው።

እንግዲህ መሰላሉ የታለ? ይህ ተሕዋስ አልረቀቀም፣ አልሠለጠነም፤ አንድ ነገር ጎደለው እንጂ። ጉድለቱም እዚህ፣ በዚህች መመርመሪያ ፊት፣ ጠቀመው። ሌላ ፕሮቲን የሚፈልግ መመርመሪያ ሲመጣ ያው ጉድለት ከለላ አይሆነውም። ማሽላችንን የሚፈጀው አቀንጭራም ቢሆን ራሱን ችሎ ማደግ ትቶ፣ ከሌላ ተክል ሥር ተጣብቆ እየመጠጠ ነው እርሻውን የወረሰው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይኸው መሰላል ሰው ላይ ሲተከል ነው። እዚሁ ቆላ ጎረቤታችን የሆነውን ጉሙዝ «ገና ያልደረሰ» የሚሉት በዚሁ ሥዕል እየማሉ ነው። ወዴት ነው የሚደርሰው? እሱም እኔም ከአንድ ግንድ ወጥተን እኩል ዘመን የተጓዝን ነን!

አጨዳው ዘንድሮም ደርሷል፤ የጭነት መኪናው ከደጋ ልጆች እያራገፈ ነው። በትኩሳት የሚንቀጠቀጠውን በአንዲት መስመር አትመልሱት። ማይክሮስኮፕ ወዳለበት ላኩት፣ በዚያው ቀን።