ባትሪውን ከከረጢቱ አውጡት

ስለ «ዘመናዊ የእህል ማከማቻ» የሚጻፉ የፕሮጀክት ሰነዶች በባትሪ የሚሠራ ሴንሰር ሲጠይቁ አንድ ነገር ይዘላሉ። ባትሪው ሲያልቅ ማን ይቀይረዋል? በምን ገንዘብ? ያለቀውስ የት ይጣላል? ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ጠያቂውም ተጠያቂውም ይሄዳሉ፤ ዕዳው ገበሬው ቤት ይቀራል።

ነገሩ የቅንጦት አይደለም። በደንብ ሳይደርቅ የተከተተ በቆሎ ይሻግታል፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ደግሞ ለጉበት ካንሰር ይዳርጋል። በቆሎ እንዲቆይ እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ መውረድ አለበት። ብዙ ገበሬ ይህን የሚለካው ፍሬውን በጥርሱ ነክሶ ነው። 13ን ከ15 የሚለይ ጥርስ የለም።

አየር የማያስገባውን ፒክስ ከረጢት ተመልከቱ። ነቀዙን የሚገድለው ኦክስጅን አሳጥቶ ነው። አፉ በተፈታ ቁጥር አየር ይገባል። ታዲያ ባትሪ ለመቀየር ሊፈታ ነው?

«ያለ ባትሪማ እንዴት ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። በ1945 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ልጆች ለአሜሪካው አምባሳደር አቬረል ሃሪማን ከእንጨት የተቀረጸ የአሜሪካ ዓርማ አበረከቱ። ውስጡ ሊዮን ቴርሚን የሠራው የስለላ ማዳመጫ ነበር። ባትሪም ሽቦም የለውም፤ የሚነቃው ከውጭ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክበት ብቻ ነው። የተገኘው በ1952 ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ባትሪ የቀየረለት ሰው አልነበረም!

እርጥበትንም በዚሁ መንገድ መለካት ይቻላል። የተጠቀለለ የመዳብ መስመርና ካፓሲተር በስስ ፕላስቲክ ላይ ይታተማሉ። ሁለቱ አንድ ላይ እንደ ክራር ክር የራሳቸው ቃና አላቸው። ውሃ የካፓሲተርን አቅም ከደረቅ እህል እጅግ አብልጦ ስለሚጨምር፣ እህሉ ሲረጥብ ቃናው ይወርዳል። በእጅ የሚያዝ ማንበቢያ ከውጭ ሞገድ ልኮ ይህን ያዳምጣል። ፕላስቲክ ሞገዱን አያግደውም፤ ከረጢቱም አይፈታም።

ሕልም ነው እንዳይባል፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2014 የፈቀደው ካርዲዮሜምስ የልብ ድካም ባለበት ሰው የሳንባ ደም ቧንቧ ውስጥ ሆኖ ግፊት ይለካል፤ ባትሪ የለውም። ለልብ የታመነ ዘዴ ለበቆሎ ያንሳል?

ጉድለት አለው። የሚነበበው ከቅርብ ነው። ብረት ያውከዋል። ሙቀትም ንባቡን ስለሚያዛባ አብሮ መለካት አለበት። ማንበቢያውም ኃይል ይፈልጋል። ግን የገበሬው ከረጢት የሚያድረው እዚያው ቤቱ ነው፤ ከሩቅ በስልክ መታየቱ ለሪፖርት ጸሐፊው እንጂ ለእሱ ምን ይፈይዳል? አንድ የልማት ሠራተኛ የያዘው፣ ቻርጅ የሚደረግ አንድ ማንበቢያ የቀበሌውን ከረጢት ሁሉ ያዳርሳል። ባትሪው አንድ ነው፤ ያለውም እጅ ላይ ነው። በሌላው መንገድ ግን በየእህሉ ውስጥ ሺህ ባትሪ ይቀበራል።

ስለዚህ ቀጣዩ የጨረታ ሰነድ አንድ መስመር ይጨመርበት፦ «ሴንሰሩ ባትሪ ካለው በአምስተኛው ዓመት የሚቀይረው ማን ነው?» መልስ የሌለው አቅራቢ ዕቃውን ይዞ ይመለስ።