የሕፃን ስጦታ በምን ይታወቃል?

ልጆች ሆይ፥ ባለ ስጦታ የሆነው ትምህርቱን ቶሎ በቃሉ የሚያጠና ልጅ ብቻ አይምሰላችሁ። አንዱ ሕፃን ስለ ነገሩ ሁሉ «ለምን?» እያለ ይጠይቃል፤ ሌላው ዝም ብሎ አንዱን ነገር አትኵሮ ይመለከታል፤ ሌላውም ከሰል ባገኘ ጊዜ ሥዕል ይሥላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ለፍላፊ ወይም ሰነፍ ብሎ መንቀፍ አይገባም።

በአንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም. የማዕድን ሥራ ሊማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። ነገር ግን መምህራን የሥዕል ስጦታቸውን አስተውለው አበረታቷቸው፤ እርሳቸውም ሥዕልን ተምረው ታላቅ ሠዓሊ ሆኑ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የመስተዋት ሥዕል የእጃቸው ሥራ ነው።

ስለዚህ ብዙ በሚጠይቅ ጓደኛችሁ አትሳቁ። ዘር ውኃ ካላገኘ እንደማይበቅል፥ ስጦታም አስተዋይ መምህርና ትጋት ካላገኘ አያፈራም።