ለሕፃናቱ ማረፍን እናስተምራቸው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ፣ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ነቢዩም በልቶ ዳግመኛ ተኛ (1ኛ ነገ. 19፥4-8)። ወደ ኮሬብ የተጓዘው ሥጋው ካረፈ በኋላ ነው። እንግዲህ የደከመ ሥጋን ማሳረፍ እግዚአብሔር ለወዳጁ ያደረገው ቸርነት ነው።

ይህን ማንሣቴ ስለ ልጆቻችን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። ጥሊሊ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የመንገዱ ወሬ ሁሉ ከልጆች ጆሮ ይደርሳል። በድምፅ የሚደነግጥ፣ ሌሊት የሚባንን፣ «ሆዴን አመመኝ» እያለ ከእናቱ የማይለይ ሕፃን ስናይ «አትፍራ፤ ጸልይ» ብለን እናልፋለን። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልቡ እየመታ ትንፋሹ የተቆራረጠ ሕፃን አቡነ ዘበሰማያትን እንኳ ለመጨረስ ይቸገራል።

ስለዚህ በሰንበት ትምህርት ቤታችን የሕፃናት ክፍል ከመዝሙር ጥናት በፊት አምስት ደቂቃ ይመደብ እላለሁ። ሕፃኑ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ፣ እስከ ሦስት እየቆጠረ በአፍንጫው ይሳብ፤ ትኩስ አጥሚት እንደሚያበርድ ሆኖ እስከ አምስት እየቆጠረ በዝግታ ያስወጣ። አምስት ጊዜ ይድገመው። ቀጥሎም ሎሚ እንደሚጨምቅ እጁን አጥብቆ ይጨብጥ፣ ትከሻውንም ወደ ጆሮው ያንሣ፤ ከዚያ ሁሉንም ይልቀቅ። ትንፋሽ በዝግታ ሲወጣ የልብ ምት ይረጋጋል፤ የተወጠረውም ሰውነት ይላላል። ይህ በደኅናው ጊዜ መለመድ አለበት፤ ውዳሴ ማርያምን በቃሉ ያጠና ልጅ በጨለማም እንደሚደግመው ሁሉ፣ የተለመደ ነገር በድንጋጤ ሰዓት ይገኛል።

«ይህ ከባዕድ እምነት የመጣ ተመስጦ አይደለምን?» የሚሉ ወገኖች አሉ። መጠንቀቃቸው ይገባል። በዚህ ልምምድ ግን ባዕድ ስም አይጠራም፤ ልቡናን ባዶ ማድረግም የለበትም። ረጅም ዜማ የሚያዜም ሁሉ ትንፋሹን መምጠንን ከመምህሩ ተምሯል። ልምምዱ ጸሎት አይደለም፤ የጸሎትንም ቦታ አይወስድም። ሥጋው የተረጋጋ ልጅ ግን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚለውን በማስተዋል ይላል።

ወላጆች ሆይ፣ ትንፋሽ ጦርነትን አያስቆምም፤ የእኛንም ኃላፊነት አይሸፍንም። አስፈሪ ወሬን በልጆች ፊት ከማውራት እንቆጠብ። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ ወይም መናገር የተወ ልጅ ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ ጠበሉና ሕክምናው አይጣሉም። ለቀሩት ግን በዚህ እሑድ በአምስት ደቂቃ መጀመር እንችላለን።

አምላካችን ለአገራችን ሰላሙን፣ ለሕፃናቱ ዕረፍቱን ያድልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።