አስፓልቱ የአላፊው ነው ወይስ የነዋሪው?

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ለሚሄድ ሰው እንጅባራና ዳንግላ በመስኮት የሚታዩ ከተሞች ናቸው። ለነዋሪው ግን ያ አስፓልት ሰፈሩ ነው። ተማሪው፣ ገበያተኛው፣ ባጃጁና የፈረስ ጋሪው ሁሉ የሚገናኙት እዚያው ላይ ነው። እንጅባራ ላይ ደግሞ የቻግኒው መንገድ ስለሚገነጠል ከባድ መኪናው ይበዛል።

አደጋ ሲደርስ ወሬያችን ያው ነው፦ «ሹፌሩ ጠጥቶ ነው»፣ «ልጁ ሳያይ ገብቶ ነው»። አንዳንዴ እውነት ነው። ግን ሰው መሳሳቱ አይቀርም። ጥያቄው ስሕተቱ ለምን ሞት ያስከትላል የሚለው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት መሠረት በመንገድ አደጋ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ቀዳሚው ገዳይም ይኸው ነው። ማለትም የእናንተ ዕድሜ! ከሟቾቹ 92 በመቶው በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ያሉ ናቸው፤ እነዚህ አገሮች ያላቸው ተሽከርካሪ ግን ከዓለም 60 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ነገሩ የመኪና ብዛት ብቻ አይደለም።

ዋናው ፍጥነት ነው። በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የገጨው እግረኛ የመሞት ዕድሉ፣ በ50 ከተገጨው በአራት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። እስቲ እናስላው፦ ሦስት ኪሎ ሜትር የከተማ መንገድ በ65 ፋንታ በ50 ቢነዳ ሹፌሩ የሚያጣው 50 ሰከንድ ገደማ ነው። በቃ!

ይህን ፍጥነት ምክር ብቻውን አይቀንሰውም። በከተማው መግቢያ ጉብታ፣ ከፍ ያለ የእግረኛ መሻገሪያ፣ የመንገድ መብራት፣ ለጋሪዎች ማታ የሚያንጸባርቅ ምልክት፣ ለባጃጅ ከአስፓልቱ ወጣ ያለ ማቆሚያ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ለገሃር ላይ በቀለምና በቀላል ቁሳቁስ የእግረኛ ቦታ ሲሰፋ አይተናል። ቢሊዮን ብር የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ችግሩ ባለቤትነቱ ነው። ዋናው መንገድ የፌደራሉ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው፤ ከተማው ደግሞ የከተማ አስተዳደሩ። ሁለቱ ካልተነጋገሩ እግረኛው መሐል ላይ ይቀራል።

እኛስ? አደጋ ባየን ቁጥር ስልካችንን አውጥተን የተጎዳ ሰው ፎቶ ከምንለጥፍ ቦታውን እንመዝግብ። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ሰው ከተገጨ ጥፋቱ የሦስት ሹፌሮች ብቻ አይደለም፤ የቦታውም ነው። ያንን መረጃ ይዘን ሁለቱንም መሥሪያ ቤቶች እንጠይቅ። የምንጠይቀው እኮ 50 ሰከንድ ነው።