ከበሮው የሚወጣው ሰው ሲታመም ብቻ ነወይ?



እሑድ እሑድ የማኅበሩ ግቢ ለጭፈራ ይፈቀድ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ «ይኼ የሰርግ ነገር ነው፣ ማኅበሩ ቁም ነገር አለበት» ተብሎ መታለፉ ይታወሳል። እኔ ግን ቁም ነገሩ ይኼው ነው ባይ ነኝ።

በጅጅጋም ሆነ በቀብሪ በያህ፣ ወይም በቶጎ ውጫሌ፣ ሶማሌው ሳር፣ አማራው ዛር የሚለውን የማያውቅ የለም። አንዲት ሴት እንቅልፍ ታጣለች፣ ምግብ ይዘጋታል፤ ሐኪም ቤት ብትሄድ ምንም አልተገኘባትም። ታዲያ ዘመድ ጎረቤቱ ተጠርቶ ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ከበሮ ይመታል፤ እሷም እስኪደክማት ትወዛወዛለች። ብዙዋ ቀለል ብሏት ትነሣለች። ስለ ሶማሌ ሴቶች ሳር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጻፈው ብሪታንያዊው አይ. ኤም. ሉዊስ፣ የሚያዙት በአብዛኛው ችላ የተባሉ፣ ጣውንት ያስጨነቃቸው ሚስቶች ናቸው ይላል። መንፈሱ ልብስና ሽቶ ሲጠይቅ ባልየው ይሰማላ!

ሼኹም ቄሱም ሳርን ይነቅፋሉ፤ ከእነሱ ጋር ክርክር አልገጥምም። ወጪውም ቢሆን ቤት ያራቁታል። እኔ የምለው፣ መንፈሱን ትተን የቀረውን እንይ ነው። የቀረው ከበሮ ነው፣ ዜማ ነው፣ በአንድ ምት የሚያጨበጭብ ጎረቤት ነው። አንዲት ሴት ይኼን ለማግኘት የግድ መታመም አለባት እንዴ?

ዳንቶ አለልን እኮ! ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው ይቆማሉ፤ አንዱ ዜማውን ያነሣል፣ ሌላው በጭብጨባና በእግር ምት ይቀበላል፤ እርምጃው የግመል አካሄድ ነው። ሴቶች ለብቻቸው ሲሆኑ ደግሞ ቡራንቡር አለ፤ አንዷ ግጥሙን ስትደረድር ሌላዋ መሐል ትገባለች።

ሳይንሱም ዝም አላለም። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ብራዚል ውስጥ ተማሪዎችን አስጨፍረው፣ የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ ክንዳቸው ላይ እያጠበቁ ሕመም እስከ ምን ድረስ እንደሚችሉ ለክተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳስታወቁት፣ እንቅስቃሴያቸውን አንድ አድርገው የጨፈሩት ሕመም የመቻል አቅማቸው ጨምሮ ተገኘ፤ አብሯቸው ለጨፈረው ሰውም ይበልጥ ቀረቡ። በእርግጥ ጭፈራ ወባ አያድንም። ሳል የበረታበት ሰው ካራማራ ሆስፒታል ይሂድ እንጂ ከበሮ አይጠብቅ።

ነገር ግን ሆስፒታል የማያክመውም አለ። ይህች ከተማ በ1970 ዓ.ም. መስከረም ላይ በጦርነት ተይዛ እስከ የካቲት ቆይታለች። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ሰው ተገድሏል፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ሱቅ ተዘርፏል። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን አጥሩ ከፍ፣ ሰላምታው አጠር ብሏል። ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑን አብረን እንተክላለን፤ ይኼ አልጠፋም። ለደስታ ግን ሶማሌው ወደ ሶማሌ፣ አማራው ወደ አማራ፣ ኦሮሞው ወደ ኦሮሞ፣ ጉራጌውም ወደ ጉራጌ ቤት ነው የሚሄደው። ዳንቶ ለመቀበል እኮ ሶማሊኛ አቀላጥፎ መናገር አያሻም፤ ጭብጨባውን መያዝ ይበቃል። እስክስታውም፣ የጉራጌውም፣ የኦሮሞውም በየተራው ይምጣ።

ስለዚህ ጉዳዩ በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና ይታይ። ሰዓቱ ከአስር ሰዓት እስከ መግሪብ አዛን ይሁን። ስፒከር አይግባ፤ በየሰርጉ ጆሯችንን ያደነቆረን ይበቃል፣ ደግሞም ስፒከር ካለ ሰው ቆሞ ያያል እንጂ አይዘፍንም። ሴቶች ለብቻችን ካሉ የግቢው ግማሽ በሸራ ይከለልላቸው። ጫት የያዘ እዚያው በርጫው ላይ ይቆይ።

ያለን ከበሮ አንድ ነው፤ እሱም ቆዳው ላልቷል። የሚወጥር ሰው የምታውቁ ለማኅበሩ ጸሐፊ ንገሩ።