ኢብሊስ የጀሀነም ንጉሥ አይደለም፤ እስረኛዋ ነው!

ቢስሚላህ። 

ውድ የቢቸናና የሞጣ ወጣቶች፣ እንዲሁም በየከተማው ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ወንድሞችና እህቶች! «የጀሀነም ገዥ ማን ነው?» ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን ሳናስብ «ሸይጧን ነዋ!» እንላለን። ከመግሪብ በኋላ በሚደረገው ቂርኣት ላይ ይህን መልስ ከልጆች አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። መልሱ ከቁርኣን አልመጣም፤ ከኪታብም አልመጣም። የመጣው ከፊልምና ከጌም ነው። ስለዚህ ማን እንደ ሠራው፣ ከምን እንደ ሠራው፣ እኛንስ የት ላይ እንደሚጎዳን በግልጽ እንነጋገር።

ዘጠኝ ደረጃ ያለው የፈጠራ ገሃነም

እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለ ጨዋታ አወጡ። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ ጦረኛ፣ ሌባ ወይም አስማተኛ ሆነው ይተውናሉ፤ ዕድላቸውንም ቁጥር ያለበት ጠጠር እየጣሉ ይለያሉ። በ1977 በወጣው የጭራቆች መጽሐፋቸው ዘጠኝ ደረጃ ያለው ገሃነም ተጠቀሰ፤ ንጉሡም «አስሞዴዎስ» ተባለ። በ1983 ደግሞ ኤድ ግሪንውድ የተባለ ካናዳዊ ጸሐፊ «ድራገን» በተባለው መጽሔት ላይ ደረጃዎቹን ከነገዥዎቻቸው ዘርዝሮ ጻፈ። የመጀመሪያው ደረጃ «አቬርነስ» የጦር ሜዳ ነው። «ስታይጂያ» በረዶ ነው። በመጨረሻው ጥልቀት በ«ኔሰስ» የንጉሡ ዙፋን አለ።

ይህ ዓለም የራሱ ታሪክ ተጽፎለታል። ሰይጣናቱ ከሌሎች የጥፋት ፍጡራን ጋር ማለቂያ የሌለው «የደም ጦርነት» ይዋጋሉ። የክፉ ሰው ነፍስ እዚያ ስትወርድ የምትሳብ ደካማ ፍጡር ትሆናለች፤ ከዚያ በተንኮልና በአገልግሎት ማዕረግ በማዕረግ እየወጣች መኮንን ልትሆን ትችላለች። ነፍስ በውል ትሸጣለች፤ ሳንቲም ሆና የምትመነዘርበትም ገበያ አለ። ባጭሩ ገሃነም እዚያ መንግሥት ነው። ሹመት አለው፣ ሹም ሽር አለው፣ ብልጥ የሆነ ሰው የሚያልፍበት ቀዳዳም አለው።

በ1980ዎቹ የአሜሪካ ወላጆችና የሃይማኖት ሰዎች «ይህ ጨዋታ ልጆቻችንን ሰይጣን አምላኪ ያደርጋል» ብለው ተነሡ። ኩባንያው በ1989 ባወጣው ሁለተኛ እትም ሰይጣንና ጋኔን የሚሉትን ቃላት አነሣ፤ ጥቂት ቆይቶ ፍጡራኑን «ባቴዙ» እና «ታናሪ» በሚሉ የፈጠራ ስሞች መለሳቸው። በ2000 ሦስተኛው እትም ሲወጣ የድሮዎቹ ቃላት ተመለሱ። እንግዲህ ስሙ ተለወጠ እንጂ ዙፋኑ ካለበት አልተነቃነቀም።

የጠረጴዛው ጨዋታ ቢቸና አልደረሰ ይሆናል። ነገር ግን በነሐሴ ወር 2023 «ባልዱርስ ጌት 3» የተባለው የኮምፒውተር ጌም ወጣ፤ አቬርነስም፣ ነፍስ የሚገዛው ሰይጣንም እዚያ ውስጥ አሉ። ጌሙን የሚያጫውት ኮምፒውተር የሌለው ልጅ እንኳን ቁርጥራጭ ቪዲዮውን በስልኩ ሊያይ ይችላል። ሥዕሉ በዓይን ገብቶ ልብ ውስጥ ይቀመጣል።

ስሞቹ ከየት መጡ?

አስሞዴዎስ የሚለው ስም ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በሚያውቁት በመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ የሚገኝ የጋኔን ስም ነው። አቬርነስ በጣሊያን አገር ናፖሊ አጠገብ ያለ ሐይቅ ሲሆን የጥንት ሮማውያን የሙታን ዓለም መግቢያ ነው ይሉት ነበር። ዘጠኙ ደረጃ ግን የዳንቴን ዘጠኝ ክበብ ይመስላል። ዳንቴ በ1321 የሞተ የፍሎረንስ ባለቅኔ ነው።

አሁን ልብ በሉ! የጌሙ ስድስተኛ ደረጃ «ማልቦልጅ» ይባላል። ስሙ የተወሰደው ዳንቴ «ማሌቦልጄ» ካለው የገሃነም ክፍል ነው። ዳንቴ በዚያው ክፍል ውስጥ ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) እና ዐሊይን (ረ.ዐ.) ከተቀጪዎች መካከል አድርጎ ጽፏል፤ ዐኡዙ ቢላህ! ጌም ሠሪዎቹ ይህን አስበው ስሙን መረጡ ማለቴ አይደለም። እኔ የምለው፦ «ፈጠራ ብቻ ነው» የምንለው ነገር ሥር አለው፤ ሥሩን ሳናውቅ ፍሬውን እየበላን ነው።

የሚያስገርመው፣ ዳንቴ ራሱ ከሙስሊሞች ወስዷል የሚል ክርክር አለ። በ1919 አሲን ፓላሲዮስ የተባለ ስፔናዊ ቄስ ዳንቴ ከሚዕራጅ ትረካዎች ብዙ እንደ ቀዳ ጽፎ አውሮፓን አነጋገረ። በ1949 ደግሞ ኤንሪኮ ቼሩሊ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን ውስጥ የተተረጎመውን የሚዕራጅ ትረካ አሳተመ። ቼሩሊ ማን ነው? ጣሊያን አገራችንን በያዘችበት ዘመን እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበረ ሰው ነው። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋ። ያ ትረካ ከሕዝብ ወሬ ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ እኛም እንደ ሶሒሕ ሐዲስ አንይዘውም። ግን አስቡት፤ የውጭ ሰዎች የእኛን የአኺራ ትረካ ፍለጋ በየቤተ መጻሕፍቱ ሲቆፍሩ፣ እኛ ስለ አኺራ ከጌም እየተማርን ነው!

ቁርኣን ምን ያስተምረናል?

አንደኛ፦ ጀሀነም የአላህ ፍጥረት ናት፤ የኢብሊስ ግዛት አይደለችም። ጠባቂዎቿ መላኢካዎች ናቸው። ሱረቱል ሙደሢር ቁጥራቸውን 19 ይለዋል። ሱረቱ ዙኽሩፍ ተቀጪዎቹ «ማሊክ» ብለው የሚማጸኑትን ዘበኛ ይነግረናል። የአላህን ትእዛዝ ፈጽሞ አይጥሱም፤ ጉቦም ሆነ ውል አያውቁም።

ሁለተኛ፦ ሱረቱ ኢብራሂም 22ኛዋን አንቀጽ ክፈቱና አንብቡ። ሸይጧን በዚያ ቀን ተከታዮቹን ይክዳቸዋል። በእነሱ ላይ ሥልጣን እንዳልነበረው፣ ጠርቷቸው እንደ መጡለት፣ ራሳቸውን እንጂ እሱን እንዳይወቅሱ ይነግራቸዋል። ንጉሥ እንዲህ ይናገራል? ይህ የተያዘ ሰው ንግግር ነው።

ሦስተኛ፦ በጌሙ ገሃነም ታችኛው ደረጃ ላይ ያለው ባለ ዙፋን ነው። በሱረቱ ኒሳእ 145 ግን በእሳቱ ታችኛው አዘቅት ያሉት ሙናፊቆች ናቸው። ያ ሰው ቀንድ የለውም። ሶፍ ውስጥ ከጎናችን ሊቆም ይችላል። ጌሙ ክፋትን ሩቅ አገር ያለ ጭራቅ አድርጎ ያሳየናል፤ ቁርኣን ወደ ገዛ ልባችን ይመልሰናል። ለዚህ ነው «ጌም ብቻ ነው» የሚለው መልስ የማያጠግበኝ። የሚሰረቀው ጊዜያችን ብቻ አይደለም፤ ፍርሃታችን የሚያርፍበት ቦታ ይቀየራል። ጀሀነም ሹመት የሚገኝባት አገር ከሆነች ማን ከወንጀል ይመለሳል? በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጂድና ሱቅ ሲነድ ያየ ሰው እሳት የጌም ጌጥ እንዳልሆነ አስረጂ አያስፈልገውም። የአኺራው ደግሞ ከዱንያው ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ለሌላኛውም ወገን አንድ ቃል

«ይህን ጌም የከፈተ ነፍሱን ሸጠ፣ ጂን ገባበት» እያላችሁ በየቴሌግራሙ የምትለቁ ወንድሞች፣ እናንተም ያው ስሕተት ውስጥ ናችሁ! ለሸይጧን አላህ ያልሰጠውን ሥልጣን እየሰጣችሁት ነው። ስልክ በመንካት ነፍስ የሚወስድ ከሆነ እሱ ጎትጓች ሳይሆን ጌታ ሆነ ማለት ነው። አሜሪካኖቹ በጩኸት ቃላት አስነሡ፤ ቃላቱ ተመልሰው መጡ። ልጁን በወሬ ብታስፈራሩት ነገ ወሬው ውሸት መሆኑን ሲያውቅ እውነተኛውንም ማስጠንቀቂያ አብሮ ይጥለዋል። የጌምን ሑክም በዝርዝር ለዑለሞች እንተውና የእኛን ድርሻ እንሥራ፤ ማስተማር።

በአንድ ነገር ጌሙ አልተሳሳተም። ክፋት የሚመጣው በሚያማልል ውል ነው። ይህን ግን ኢብኑል ጀውዚይ ከ800 ዓመታት በፊት «ተልቢስ ኢብሊስ» በተሰኘው ኪታባቸው ሸይጧን ዓሊሙንም፣ ነጋዴውንም፣ ዓቢዱንም በየመንገዱ እንዴት እንደሚያታልል ዘርዝረው አስተምረዋል። የዛሬው ውል ቀይ ሰይጣን ይዞት አይመጣም። የቤቲንግ ትኬት ሆኖ ይመጣል፤ ወለድ ያለበት ብድር ሆኖ ይመጣል፤ «መንገዱ አስተማማኝ ነው» የሚል የደላላ ስልክ ሆኖ ይመጣል። ነፍስም በእርግጥ ትሸጣለች፤ ግን ሱረቱ ተውባ 111 ላይ ገዥው አላህ ነው፣ ዋጋውም ጀነት ነው። ከዚህ የተሻለ ገዥ ያገኘ ካለ ያሳየን!

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሦስቱን አንቀጾች ከነተፍሲራቸው ከኡስታዞቻችሁ ጋር ቅሩ፤ ኢብራሂም 22ን፣ ኒሳእ 145ን፣ ተውባ 111ን። ታናናሾቻችሁንም «የጀሀነም ገዥ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሳቸውን ስሙ፤ ካስፈለገም አርሙ።

አላህ እኛንም፣ ወላጆቻችንንም፣ ጎረቤቶቻችንንም ከእሳት ይጠብቀን። አሚን። ወላሁ አዕለም።