ብትሞት የት እንወስድሃለን?

ወሎን ለማሞገስ የማይቸኩል የለም። ባለሥልጣኑ፣ ጋዜጠኛው፣ ዘፋኙ፣ ሁሉም «የመቻቻል አገር» ይለዋል። ባል ሙስሊም፣ ሚስት ክርስቲያን፤ ከአንድ እናት ልጆች አንዱ ሰይድ፣ አንዱ ገብሬ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ሙስሊሙ ድንጋይ ያቀብላል፣ መስጊድ ሲሠራ ክርስቲያኑ እንጨት ይሸከማል። ውሸት አይደለም፤ ኖሬበት አይቼዋለሁ። ነገር ግን ሙገሳው ሲያልቅ የሚቆጠሩት እምነቶች ሁለት ናቸው። ሦስተኛ ሆኖ የመጣ ሰው የት ይቀመጣል? ይህን የምጠይቀው መካነ ሰላም የገባሁት ሦስተኛ ሆኜ ስለሆነ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ሆሳዕና ነው፤ ቤተሰቤ የቃለ ሕይወት ምዕመን ነው። የሥራ ምደባዬ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ፣ መካነ ሰላም ግቢ ሲሆን ከደሴ በአቀስታ አድርጎ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን መንገድ፣ ያንን አጥንት የሚሰብር ብርድ፣ ብቻዬን ተያያዝኩት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በቀድሞው የደቡብ ክልል 55.5 በመቶው ሕዝብ ፕሮቴስታንት ነበር፤ በአማራ ክልል 0.2 በመቶ። ደቡብ ወሎን ለብቻው ካያችሁት ሙስሊሙ 70.9፣ ኦርቶዶክሱ 28.8 በመቶ ነው። ሁለቱን ደምራችሁ ከመቶ ቀንሱ፤ የሚቀረው ፍርፋሪ ነው። እኔ ፍርፋሪው ውስጥ ነኝ። አገሬ ላይ «ብዙኃን» የነበርኩ ሰው በአንድ የአውቶቡስ ጉዞ ስሌቱ ተገለበጠብኝ።

ቤት ፍለጋ ስወጣ ያከራዩኝ ሴት መጀመሪያ ያዩት አንገቴን ነው። ማተብ የለም።

«እስላም ነህ፣ ልጄ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ማተብህስ?»

«ጴንጤ ነኝ፣ እማማ።»

ጥቂት ዝም አሉ። «እህ… እና የማንን ሥጋ ነው የምትበላው?»

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ቢሰማ ይቀየማል። አትቀየሙ። በዚህ አገር ድግስ ሲደገስ የእስላሙ ሥጋ በእስላም እጅ፣ «ቢስሚላህ» ተብሎ ይታረዳል፤ የክርስቲያኑ ደግሞ በክርስቲያን እጅ፣ በስመ አብ ተብሎ። ድስቱ ለየብቻ፣ ወጥ ሠሪዋ ለየብቻ። ሙስሊሙ ደጋሽ ለክርስቲያን ጎረቤቱ ፍየሉን ገዝቶ፣ ቢላዋውን ለራሱ ለጎረቤቱ ይሰጠዋል። እንግዳን ማክበር ማለት የትኛው ድስት የእሱ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ነው። እማማ የጠየቁኝ ሊያበሉኝ አስበው ነው። እኔ ደግሞ «ሁለቱንም እበላለሁ» ብዬ አረፍኩ። ነገሩን ያቀለልኩ መስሎኝ ነበር። ሁለቱንም የሚበላ ሰው ግን እዚህ መደብ የለውም፤ የትኛው ቤት ጠርቶ የትኛው ጎን ያስቀምጠው?

በሌላ ሰፈር ከዚያ በፊት የተስማማሁት አከራይ ነገሬን ሲሰማ ቀብዴን መልሶልኛል። «ፀረ ማርያም» የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ላይ የሰማሁት ከእሱ ነው። አለፈ። እዚያ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም፤ ምክንያቱም ሰውየው ክፉ ስለሆነ ብቻ ያደረገው አይመስለኝም።

የወሎ ሰላም ከመጻሕፍት የተቀዳ አይደለም፤ ከጉዳት የተገኘ ነው። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ ጉባኤ ጠርተው የካህናቱን የሃይማኖት ክርክር ሲቆርጡ፣ የወሎ ሙስሊምም ክርስትና እንዲቀበል ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሆኑ። እንደ ሸኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉት እምቢ ብለው ተቃወሙ። ሌላው ሕዝብ ደግሞ ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ሙስሊም ሆኖ አለፈ። የሚካኤል ልጅ ኢያሱ ወደ እስልምና አዘንብሏል ተብሎ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከዙፋኑ ወረደ፤ አባትየው ልጃቸውን ሊያድኑ ዘምተው ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። አንድ ቤተሰብ በሁለት ትውልድ ውስጥ ሁለት ጊዜ በሃይማኖት ተመታ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሕዝቡ በራሱ ጊዜ አንድ ስምምነት አደረገ ብዬ አምናለሁ፤ ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አልፈረመውም። ቤቱ አንድ ነው፣ ጸሎቱ ሁለት ነው፣ «ና ወደ እኔ» የሚል የለም። የሚቀየር ሰው ካለ በጋብቻ ይቀየራል፤ እሱም የዘመድ ጉዳይ ነው።

እኔ እንግዲህ ሁለት ነገር ይጎድለኛል። ዘመድ አይደለሁም፤ ከዚያ ላይ «ና ወደ እኔ» በማለት ከሚታወቅ ወገን ነኝ።

የእኛ ሰዎች በዚህ አገር ያላቸው ታሪክም ያን ያህል አያኮራም። በ1834 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ ከሸዋ ተነሥቶ በወሎ በኩል ወደ ጎንደር ሲያቀና፣ አዳራ ቢሌ የሚባለው የወሎ ባላባት ንብረቱን ዘርፎ አሰረው። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ ሄንሪ ስተርንን እና ሮዘንታልን አሰሯቸው፤ ሁለቱም ከመቅደላ የወረዱት በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሊሞቱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ነው። ዛሬ ደመወዝ የሚከፍለኝ ዩኒቨርሲቲ የተሰየመው በዚያው አምባ ነው፤ አልፎ አልፎ መታወቂያዬን ሳወጣ ይህ ትዝ ይለኛል። አዳራ ቢሌ የፈለገው እርግጥ የክራፕፍን ዕቃ እንጂ ሃይማኖቱን አልነበረም፤ ቴዎድሮስንም ያስቆጣቸው ስተርን ስለ እናታቸው የጻፈው ነገር ነው እንጂ የሉተር ትምህርት አይደለም። ቢሆንም ጴንጤ ማለት ሊሰብክ የመጣ ሰው ነው የሚለው ግምት የቆየ ነው።

ግምቱን ደግሞ የምናጠናክረው እኛው ነን። ከሆሳዕና ስነሣ ቤተ ክርስቲያኔ እጅ ጭናብኝ ጸለየችልኝ፤ ደስ አለኝ። ጸሎቱ ግን «ወንጌል ላልደረሰበት ለወሎ» የሚል ነበር። እኔ የምሄደው ስታትስቲክስ ላስተምር ነው! እስከ ዛሬ ስልክ የሚደውሉልኝ አሉ፤ «እንዴት ነህ» ካሉኝ በኋላ ወዲያው «ስንት ነፍስ?» ይላሉ። «ያልተደረሱ ሕዝቦች» የሚል ዝርዝር አለን፤ አንድ ሺህ ዓመት የጸለየ ሕዝብ እዚያ ላይ ባዶ መሬት ተደርጎ ተመዝግቧል። አማራ ሳይንት ውስጥ ተድባበ ማርያምን የመሰለ ደብር አለ፤ ካህናቱ ከክርስትና በፊትም መሥዋዕተ ኦሪት ይቀርብበት ነበር ይላሉ። ወደ ዠማ ንጉሥ በየዓመቱ ለመውሊድ ስንት ሕዝብ እንደሚጎርፍ የአገሩ ሰው ያውቃል። በእነዚህ መካከል የሚኖርን ሰው «ያልተደረሰ» ብሎ የሚያስብ ጎረቤት ከመጣ፣ ሰውየው ቀብድ ቢመልስ ያን ያህል አይገርመኝም።

ሆሳዕና የሚመጣ እንግዳ የሚጠየቀውን አውቃለሁ፤ «ጌታን ተቀብለሃል?» ነው። ከእማማ ጥያቄ ጋር አስተያይቼዋለሁ። እኛ የምንጠይቀው ልንቀይረው ነው፤ እሳቸው የጠየቁኝ ሊያበሉኝ።

ሦስተኛ መሆን በትክክል ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ቅሬ ልገባ ስሄድ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፤ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ሁሉም ይወጣል። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ቃሬዛ ይሸከማል፤ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ይቀመጣል፤ ከቀብር መልስ ሐዘንተኛው ቤት አብሮ ይሰነብታል። ያልወጣ ይቀጣል። ስለ መቻቻል የሚነገረው ሁሉ ቢነቀል እንኳ ይህ ቅጣት የሚቀር ይመስለኛል።

የቅሬው ዳኛ ሸምገል ያሉ ሙስሊም ናቸው። ደብተራቸውን ገልጠው፣ እስክሪብቶውን ይዘው፣ ሳይጽፉ ቀና አሉ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቀየመኝ።»

«ምን ገዶኝ፣ አባባ፣ ይጠይቁኝ።»

«ብትሞት የት እንወስድሃለን? እስላም ሲሆን መቃብሩን እናውቃለን። ክርስቲያን ሲሆን ደብሩን እናውቃለን። አንተን ተሸክመን መሀል መንገድ ላይ ልንቆም ነው ወይ?»

ሳቅኩ፤ እሳቸው አልሳቁም። ወደ አገሬ ትልኩኛላችሁ አልኩ። ሆሳዕና የት እንደሆነ ጠየቁ፤ ከአዲስ አበባም ያልፋል ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «መኪናው ይወደዳል። አብሽር፣ ቅሬው ይነጋገርበታል» አሉና ጻፉኝ።

ይህን ያህል በቁም ነገር የወሰደኝ ሌላ ሰው አልገጠመኝም። ሬሳዬን የሚሸከሙት እሳቸው ስለሆኑ አድራሻውን ጠየቁ። በየመድረኩ «ሁሉም እኩል ነው» የሚለኝ ሰው እስከ ዛሬ ይህን አልጠየቀኝም።

ጥያቄው የመካነ ሰላም ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ ጴጥሮስ ወጳውሎስ መቃብር አለው። በብዙ የክፍለ ሀገር ከተሞች ግን የቀብር ቦታ ማለት ወይ ቤተ ክርስቲያን ወይ የሙስሊም መቃብር ነው፤ ሦስተኛው ሬሳ ይዞ ደጅ ይጠናል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 እምነትን ነጻ አድርጎ፣ በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለይቷል። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ መቃብሩ ግን በተግባር የሃይማኖት ነው። ዩኒቨርሲቲ የተከፈተበት ከተማ ደግሞ ከጋምቤላ፣ ከወላይታ፣ ከወለጋ የሚመደብ ተማሪና ሠራተኛ ይመጣበታል። ካቶሊክ አለ፣ ዋቄፈታ አለ፣ ምንም የማያምንም አለ፤ የሁሉም ሬሳ በመኪና ወደ ትውልድ አገሩ የሚጫንበት ከተማ ነዋሪ ያለው ከተማ አይባልም። የምለው «የጴንጤ መቃብር» ይሰጠን አይደለም፤ እንዲያውም ያን ስም አልፈልገውም። የከተማው የሆነ፣ ቀሚስም ጥምጣምም የማይጠየቅበት አንድ የታጠረ ቦታ ይበቃል። እኛም በበኩላችን ቦታው ሲገኝ ድምፅ ማጉያ ይዘን የምንሄድበት እንዳናደርገው።

ሐሳቡን ለዳኛው ነገርኳቸው፤ እሳቸው ለቅሬው አቀረቡት። ለከተማው የሚገባው ማመልከቻ በቅሬው ስም ይሁን ተባለ፤ መምህር ነህ ተብዬ እኔው እንድጽፈው ታዘዝኩ። እስካሁን ያልገባው ቅሬው በቦታው ስላልተስማማ ነው። ቄሱ ከደብሩ ራቅ ያለ ይሁን ይላሉ። ሸኹ ቄሱ ያሉት ቦታ የግጦሽ መሬት ነው፣ ከብቶቹስ ይላሉ። አንድ ሌላ አባል ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያለውን ጠቁሞ ነበር፤ ክረምት ላይ ማን ይሻገራል ተብሎ ተጮኸበት። ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጥሯል፤ ያልተገኘ ይቀጣል።